በእፍኝ ኑግ የገዛሁት ልጅ

በሕይወቴ አንድ ልጅ ብቻ ገዝቻለሁ፤ እሱንም በእፍኝ ኑግ። ይህን ስናገር የዛሬ ልጆች ዓይናቸው ይፈጣል። «እማማ፣ ያኔ ሰው ይሸጥ ነበር እንዴ?» ይሉኛል። ይሸጥ ነበር እላቸዋለሁ፤ ሻጭዋ የገዛ እናቱ ነበረች፤ ሸጣልኝ ስታበቃም መልሳ አዝላው ወደ ቤቷ ሄደች። ዳንግላ ገበያ ስንት ዓይነት ነጋዴ አይቷል፤ እንደ እኔ ያለ ገዢ ግን አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ዳንግላ የገባሁት በጃንሆይ ዘመን፣ የሙሽርነት ቅቤ ከራሴ ሳይደርቅ ነው። ትውልዴ ብቸና ነው። ባሌ ልብስ ሰፊ ነበር፤ የስፌት መኪናውን በገበያው ዳር በረንዳ ላይ ዘርግቶ ሲሰፋ ይውላል፤ እኔ ቤት ተቀምጬ ሰው ይናፍቀኛል። የአካባቢው ባላገር እርስ በርሱ የሚያወራው በአገውኛ ነው። እኔን ሲያይ ወደ አማርኛ ይመለሳል፤ ሳቁን ግን በአገውኛ ስለሚጨርሰው በእኔ የሚስቅ ይመስለኝ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ቋንቋውን መስማት ስጀምር ነገሩን አረጋገጥኩ። በእርግጥም በእኔ ነበር የሚስቀው።

ከሁሉ በፊት የቀረበችኝ ድንች የምታመጣልኝ አንዲት የአገው ሴት ናት። ትውልዷ ከዘንገና ሐይቅ በኩል ነው፤ በትዳር መጥታ ከዳንግላ ወጣ ብሎ፣ ከጅረቱ ማዶ ትኖር ነበር። ቀጭን፣ ምላሷ የሰላ፣ እኔን በማብሸቅ የምትደሰት ሴት ነበረች። ድንቹን ስትሰፍርልኝ «ለብቸና ሰው ትንንሹ ይበቃዋል» ትለኛለች። እኔም ያን እንጨት የመሰለ ክንዷን ይዤ «ትልልቁን ለራስሽ እያስቀረሽ ነዋ እንዲህ የወፈርሽው» እላታለሁ። እንዲህ እየተሰዳደብን ተዋደድን።

አንድ ቀን ያለ ድንች መጣች። ክርስትና ከተነሣ ገና ሳምንት ያልሞላው ልጅ ታቅፋለች። ግቢ ብላት አልገባም አለች። ደጄ ላይ እንደቆመች «ይህን ግዢኝ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ይህን ነዋ! የያዝኩትን።»

ሳቄ አመለጠኝ። እሷ ግን ፊቷ አልተፈታም። ከዚህ ልጅ በፊት የወለደቻቸው ሁሉ ጥርስ ሳያበቅሉ እንደሞቱባት ያን ዕለት ነው የነገረችኝ። ሞት የቤቷን መንገድ ለምዶታል፤ የሷ ልጅ የተባለ ሁሉ ተፈልጎ ይወሰዳል። ስለዚህ ይህኛው የሷ መሆን የለበትም። እንዲህ የከፋባት እናት ልጇን ለሌላ ሴት ትሸጣለች፤ ሞት ሲመጣ የኔ የሚባል ልጅ የለም፣ ያ የምታየው የሰው ነው ትለዋለች። ለምን እኔን እንደመረጠችኝ ስጠይቃት ዓይኗን ሳታሽ መለሰችልኝ። አገሩ አያውቀኝም፣ ጎጆዬ አዲስ ነው፣ ገና ሬሳ አልወጣበትም፣ ሞት ደጄን አያውቀውም። ይህን ሁሉ ዓመት እናቴ ስንት ሙያ አስተምራኝ፣ ዳንግላ ላይ የተፈለግሁት ሞት ስላላወቀኝ ብቻ ሆነ።

ኑግ ልቆላ አውጥቼ ነበር። ከዚያው እፍኝ ዘገንኩና ነጠላዋ ጫፍ ላይ አፈሰስኩላት። ቋጠረችው። «ሸጥኩልሽ» አለች። «ገዛሁ» አልኩ። «መቼም አንቺ የምታጠቢው ጡት የለሽም፤ ሞግዚት እሆንልሻለሁ» አለችና ልጁን አዝላ ሄደች። እኔ በሩን ተደግፌ ከዓይኔ እስክትርቅ ሳቅሁ።

ግብይቱ ሕግ ነበረው። እሷ በምንም ምክንያት «ልጄ» አትልም፤ በሰው ፊትም፣ ብቻዋን ስትሆንም። «በአገውኛስ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ሞት ሁለቱንም ይሰማል» አለችኝ። ልጁ አፉን ሲፈታ እኔን «እማ»፣ እሷን «እትዬ» እንዲል ተደረገ። ሞት እንዲንቀው የተሰጠው ስም ሰው ጠርጎ የሚጥለው ነገር ስም ነው፤ እዚህ ባልጽፈው ይሻላል። ደህና ልብስም እንዳይለብስ ተባለና ባሌ ከመቀሱ ሥር የወደቀውን ቅዳጅ እየቀጣጠለ ሰፋለት። ያ በስፌቱ የሚኮራ ሰው «የኔ ልጅ ይህን ለብሶ ያየ ገበያተኛ ነገ ጨርቁን ሊያመጣልኝ ነው?» እያለ ያጉረመርም ነበር።

የሆድ ነገር አይታወቅም፤ በጨዋታ የጀመርኩት ነገር እያደር ልቤ ውስጥ ገባ። በገበያ ቀን ይዛው ስትመጣ ሮጦ ጭኔ ላይ ይወጣል፣ አንገቴን ያንቃል፣ የባሌን የክር ጥቅል ይበትናል፣ እማ እማ ይላል። እኔ ደግሞ ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ አልወልድም። ሰው ሲጠይቀኝ «ልጅማ አለኝ፣ ከሞግዚቱ ጋር ነው» እያልኩ እቀልድ ነበር። ቀልዱ እያደር ይመረኝ ጀመር።

ልጁ ሮጦ የማይደክምበት ዕድሜ ላይ ሲደርስ፣ በአንድ በጋ ማብቂያ ላይ ነው ነገሩ የሆነው። ጅረቱ ሁሉ ጎድሎ ኩሬ ኩሬ ሆኗል። የገበያ ቀን ነበርና በር ላይ ቆሜ ስጠብቃቸው ከሩቅ አየኋት፤ ልጁን አዝላ ትሮጣለች። ደጄ ልትደርስ ስትል እርምጃዋን ገታች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ እንደ ደንበኛ ሠራተኛ ቀስ ብላ መጣችና «እመቤቴ፣ ያ ልጅሽ ደም ይተፋል» አለችኝ። ድምፅዋን ለሰማው የጠፋች ዶሮ ወሬ የምታወራ ነበር የምትመስለው።

ልጁን አወረድኩት። አገጩ ደም ነክቶታል። ሲተነፍስ ጉሮሮው ያፏጫል፣ «እማ» ሲለኝ ድምፁ እንደ ሽማግሌ ሻክሯል። «ለጥጃ የሚደረገውን አድርገንለታል» አለች፤ «የትንባሆ ውሃ አስሸተትነው። ጥጃ ቢሆን ድኖ ነበር።»

«ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባል የለም ወይ!» ብዬ ጮኽኩባት። ጋሪ ጠርቼ ተሳፈርን። ባለጋሪው ደሙን ሲያይ ፈረሱን በገበያተኛው መሀል ለቀቀው። እህል የያዘው ሁሉ ሲራገም፣ እኔ ከላይ ሆኜ መልሼ ስራገም፣ ሐኪም ቤት ደረስን።

ሐኪም ቤቱ ክዳኑ ቆርቆሮ የሆነ ሁለት ክፍል ነው። ዶክተር አልነበረውም። ቁስል የሚያጥበውም፣ መርፌ የሚወጋውም፣ መድኃኒት የሚሰጠውም አንድ ወጣት ድሬሰር ነበር፤ ከሸዋ የመጣ፣ ካፖርቱ ነጭ፣ ትዕግሥቱ እንደ እኔ አጭር። አገውኛ አይሰማም። በሩ ላይ የሚቆመው ዘበኛ የአገሩ ተወላጅ፣ የድሮ ወታደር ነውና አስተርጓሚውም እሱ ነበር።

ድሬሰሩ ልጁን ሲያይ ተራ ጠባቂውን ሁሉ ትቶ ወደ ውስጥ አስገባን። «እናቱ ማን ናት?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ስሙ?»

ነገርኩት። ቀና ብሎ አየኝ። «ሴትዮ፣ እኔ የምቀልድበት ጊዜ የለኝም።»

«ስሙ ነው ጌታዬ።»

ወደ ዘበኛው ዞረ። ዘበኛው «ስሙ ነው» አለ፤ ምንም አላፈረም።

«መቼ ጀመረው?»

ሞግዚቴን አየኋት። እሷ ጣሪያውን እያየች «ለነገሩ እኔ ምን አውቃለሁ፣ ከእሑድ ወዲህ መሰለኝ» አለች።

«ከእሑድ ወዲህ ነው» አልኩት እኔ።

«ምን ዓይነት ውሃ ነው የጠጣው?»

አሁንም አየኋት። በዚህ ጊዜ አማርኛዋ ከፍርሃት የተነሣ ጠፋባትና በአገውኛ ታወርደው ጀመር። እኔ የሰማሁ ለመምሰል አንገቴን እነቀንቃለሁ። ዘበኛው «ከብቶቹ ከሚጠጡበት ኩሬ ላይ አፉን ደፍቶ ጠጣ ነው የምትለው» ብሎ ተረጎመ።

ድሬሰሩ እኔንና እሷን አፈራርቆ አየን። «እናቱ አንቺ ነሽ ወይስ እሷ?»

«እናቱማ እኔ ነኝ፤ የምታውቀው ግን እሷ ናት» አልኩት። እውነቴን ነበር።

የእጅ ባትሪውን አበራና የልጁን አፍ ከፈተ። ልጁም ጣቱን ነከሰው። ድሬሰሩ የተማረ ሰው የማይናገረውን ተናገረ፤ በዚያች አፍታ ግን ነገሩን አይቶት ነበር። አልቅት ነው። ስትገባ ክር የምታህል ነበረች፤ ጉሮሮው ላይ ተጣብቃ ደሙን እየጠጣች አብጣለች። «ከኋላ ካለችበት ለቅቃ ወደ መተንፈሻው ከወረደች ታፍኖ ይሞትብናል» አለን። «አሁን በወረንጦ ይዤ አወጣታለሁ። ብቻ አፉን ይክፈትልኝ፣ አይንቀሳቀስብኝ። እናቱ ትያዘው።»

ጨው የተበጠበጠበት ውሃ አመጣና በጥቂቱ አፉ ውስጥ አደረገለት፤ አልቅቷን እንዲያላቅቃት ነው። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ልጁን ጭኔ ላይ ያዝኩት። እንዲህ ዓይነት ጉልበት ከየት እንዳመጣ አላውቅም። ሆዴን በተረከዙ መታኝ፣ ሻሼን ገፈፈው፣ የድሬሰሩን ባትሪ ከእጁ አስጣለው። ጥርሱን ግጥም አድርጎ ዓይኑን ከግድግዳው ሥር ከቆመችው ሴት ላይ አይነቅልም። «እትዬ» ይላል በጥርሱ መሀል። እሷ ሁለቱን እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ፣ ጀርባዋን ከግድግዳው አጣብቃ ቆማለች።

«አንቺ፣ ነይ ያዢው! አንቺን ነው የሚፈልገው» አላት ድሬሰሩ።

«እኔ ምን አገባኝ፣ የሰው ልጅ!» አለች። ወደ ክፍት በሩ ዞራ፣ ጮክ ብላ ነው ያለችው። ውጭ ላለ ሰው መንገሯ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

ድሬሰሩ ደሙ ፈላ። እኔም ልጁ እጄ ላይ ሲያፏጭ መታገሥ አቃተኝና «እናቱ እሷ ናት» አልኩት።

«ዋሸች! የሷ ነው፣ ገዝታዋለች!» አለች እሷ።

«ገዝታ?» አለና ድሬሰሩ ከተጎነበሰበት ቀና አለ። ባሪያ ንግድ ላይ የደረሰ መስሎት «ዘበኛ፣ እነዚህ ሴቶች ከዚህ እንዳይወጡ!» ብሎ ጮኸ። ዘበኛው ሳቁን ዋጠ። «ሰሎሞን ፊት የቀረቡት ሴቶች እንኳ የኔ ነው የኔ ነው ነው የተባባሉት!» አለን ድሬሰሩ ላብ እያጠመቀው። «እናንተ ያንቺ ነው ያንቺ ነው ትሉኛላችሁ! ይህ ልጅ ባለቤት የለውም?»

ይህን ሲል ልጁ ሳለ፤ ከሳለም በኋላ ትንፋሹ አልተመለሰም። አልቅቷ ከነበረችበት ተንቀሳቅሳ ነበር። ከንፈሩ ጠቆረ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተገለበጠ፣ ሲታገለኝ የነበረው ገላ እጄ ላይ ለሰለሰ። ድሬሰሩ መንጋጋውን ፈልቅቆ ሊከፍት ይታገላል፣ እኔ ማርያምን እየጠራሁ ነው።

እንዴት ከግድግዳው እንደተላቀቀች አላየኋትም። ልጁን ከጭኔ ነጠቀችኝ፤ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ «ልጄ! ልጄ! የኔ ልጅ! አፍህን ክፈትልኝ፣ ልጄ!» አለች። ያን ቃል ከተወለደ ጀምሮ ከአፏ ሰምቶት አያውቅም። ከመገረሙ ይሁን ከመታነቁ፣ ዓይኑን አፍጥጦ አያትና አፉ ተከፈተ። ድሬሰሩ ወረንጦውን ሰደደ። ያዘ። ሳበ። አልቅቷ እንደ ላስቲክ ተሳበች፣ ተሳበችና ተላቀቀች፤ ብረት ሳህኑ ላይ ሲጥላት የኔን አውራ ጣት ታህላለች። ዘበኛው በከስክስ ጫማው ሊረግጣት ፈልጎ ሳህን ላይ መሆኗ ቆጨው።

ልጁ አየር ወደ ውስጥ ሳበ፤ ከዚያም ቆርቆሮውን የሚነቅል ጩኸት ጮኸ። ከዚያ የሚጥም ድምፅ እስከ ዛሬ ሰምቼ አላውቅም። ድሬሰሩ ቁጭ አለና እንደ ሕፃን ሳቀ፣ የተነከሰውን ጣቱን ለዘበኛው እያሳየ። «ደሙ እስኪቆም እዚሁ ግቢ ውስጥ ይቆይ፣ እንዳትሄዱብኝ» አለን። «ከዚህ በኋላ ደግሞ ከኩሬ አይጠጣ፤ ውሃው ተጣርቶ ይሰጠው።»

ሞግዚቴን ላቅፋት ዞርኩ። ልጁን መሬት ላይ አስቀምጣዋለች። ምን እንዳለች ያኔ ነው የታወቃት። እጇን አፏ ላይ ጭና ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሄደችና ወጣች። ልጁን አንሥቼ ስከተላት፣ ግቢው ውስጥ ባሕር ዛፍ ሥር ወድቃ ደረቷን ትመታለች። የዳነ ልጅ ይዤ እያየችኝ ሙሾ ታወርዳለች። «ጠራሁት፣ ገደልኩት! በገዛ አፌ ነገርኩበት!» ትላለች። «ድኗል እኮ፣ ይኸው!» ብላት አትሰማኝም። አልቅቷማ ሳህን ላይ ናት፤ እሷ የምትፈራው ሌላ ነው። ድሬሰሩም በር ላይ ቆሞ «አሁን ደግሞ ምን ሆነች?» ይላል፤ ወረንጦው የማይደርስበት ቦታ ነበር።

እኔ በዚህ ነገር አምን ነበር ወይ? አላውቅም። እሷ ግን ታምናለች፤ በዚህ ሐዘን ቤቷ ብትገባ ልጁን እያየች ግን ሳትነካው፣ የሚሞትበትን ቀን እየቆጠረች ታልቃለች። ንዴቴ መጣ። እኔ ደግሞ ሲጨንቀኝ የምችለው አንድ ነገር መጮህ ነው።

«አንቺ ሌባ!» አልኳት፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ። «ልጄን በጠራራ ፀሐይ ልትሰርቂኝ? ልጄ ትያለሽ? የማነው ልጅሽ? የኔን ልጅ!»

ሙሾዋ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ። ክንዷን ይዤ አስነሣኋትና የነጠላዬን ጫፍ ከነጠላዋ ጫፍ ጋር ቋጠርኩት፤ በጥንቱ ደንብ ተካሳሾች ዳኛ ፊት እስኪቆሙ እንዲህ ተቆራኝተው ነበር የሚሄዱት። እየጎተትኩ ወደ ገበያ መንገዱ አወጣኋት። በአዲስ ቅዳም ከተማ በኩል ከሚመጣው ገበያተኛ መሀል በበቅሎ ላይ የተቀመጡ፣ ጋቢያቸው የነጣ አንድ ሽማግሌ ታዩኝ። «በሕግ አምላክ!» አልኩ። በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል። በቅሎዋ ቆመች።

«ምን ሆንሽ ልጄ?» አሉኝ።

«ዳኝነት ይዩልኝ አባቴ! ይህች ሴት የኔን ልጅ ልጄ አለችብኝ!»

ሽማግሌው ልጁን አዩት። ቅዳጅ የተቀጣጠለበትን ልብሱን አዩ፣ አንገቱ ላይ ያለውን ክታብ አዩ። ከዚያ የሷን ፊት አዩ። የአገው ሽማግሌ ናቸው፤ የሚነግራቸው አላስፈለጋቸውም። «ዳኛ በቅሎ ላይ ሆኖ አይፈርድም» ብለው ወረዱና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። በእኛ አገር ደግሞ ለሙግት ገበያውን የማይተው ሰው የለም፤ ወዲያው ተከበብን።

«ስሙን ተናገሪ» አሉኝ። ተናገርኩ። ማንም አልሳቀም። «በምን ያንቺ ሆነ?» አሉ። «በዋጋ ገዝቼ» አልኩ። «ተጠየቂ» አሏት እሷን፤ «ሸጠሽላታል?»

በዓይኔ ጠቀስኳት። ፊቷን በመዳፏ ጠረገች፤ ገብቷታል። «ሸጬላታለሁ» አለች።

«ጮክ በይ፤ ሁሉም ይስማ።»

«ሸጬላታለሁ! የሷ ነው! ልጄ ያልኩት ዋሽቼ ነው!»

«ምስክር አለ?» አሉ ሽማግሌው። ይህ ያልጠበቅሁት ነው። ተከትለውን ወጥተው ኖሮ ዘበኛው ድሬሰሩን በክርኑ ገፋ አደረገው። ድሬሰሩ ካፖርቱ ደም እንደነካው መጥቶ መሀል ቆመ። ይህ ሰው የሰማውን በጆሮው ሰምቷል፣ ያየውን በዓይኑ አይቷል፣ ውሸት የሚወድም አይመስልም። እናቱ ያቺ ናት ቢል ሁሉ ነገር አበቃ።

«የሐኪም ቤቱ ልጅ፣ ንጉሥ ይሙት ብለህ ማል። ስትጠይቅ እናቱ ነኝ ያለችህ የትኛዋ ናት?»

ድሬሰሩ እኔን አየኝ። እሷን አያት። ጣቱን አየ። «ንጉሥ ይሙት፣ እናቱ ነኝ ያለችኝ ይህች ናት» አለና ወደ እኔ አመለከተ። «ሌላ የሰማሁት የልጁን ጩኸት ብቻ ነው።» ሲመለስ በአጠገቤ እያለፈ «እኔ የተማርኩት ይህን አልነበረም» ብሎ አጉረመረመ። ያን ጊዜ ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ሽማግሌው ተነሡ። ፊታቸውን ወደ እኛ ሳይሆን ወደ መንገዱ፣ ማንም ወደሌለበት አዞሩ። «የሚሰማ ሁሉ ይስማ!» አሉ። «ልጁ የከሳሽ ነው። ይህች ሴት በዚህ ልጅ ላይ እናትነት የላትም። ልጄ ብላ በሐሰት በመናገሯ ጥፋተኛ ናት። ለቅጣቷ አዝላ፣ አብልታ፣ ሲታመም አስታማ፣ ጢሙ እስኪወጣ ድረስ ለባለቤቱ ታሳድግ።» ወጣት ወጣቶቹ ሳቁ። ከሴቶቹ መሀል ግን ያልሳቁ፣ ዓይናቸውን በነጠላ ጫፍ የጠረጉ ነበሩ።

እሷ መሬት ስማ ተነሣች። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «ከሳሽ፣ በፍርዱ ተስማምተሻል?»

ልጁ አንገቴ ሥር ተኝቶ ነበር። ትንፋሹ ይሞቃል፣ ጉሮሮው አሁን አያፏጭም። ይህ ሁሉ ሕዝብ፣ ያ ዳኛ፣ ያ የተማረ ምስክር የኔ ነው ብለዋል። እኔም ለአንድ አፍታ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እውነት ይሁን ብዬ ተመኘሁ። ልጁን ልመልስላት ብል እጄ እምቢ አለኝ።

«ተስማምቻለሁ» አልኩ። ቋጠሮውን ፈታሁና ልጁን ጀርባዋ ላይ አደረግሁላት።

«ረታሽ! ረታሽ!» እያሉ ሴቶቹ እልል አሉልኝ። የረታሁት እኔ ባዶ እጄን መንገድ ዳር ቆሜ ቀረሁ፤ የተረታችው እሷ ልጁን አዝላ፣ ነጠላዋን አጥብቃ፣ ወደ ጅረቱ ማዶ መንገዷን ጀመረች። ከገበያተኛው መሀል ሳትወጣ ልጁ ነቃ። ከጀርባዋ ላይ ዞሮ ፈለገኝና በዚያ በተላጠ ጉሮሮው «እማ!» ብሎ ተጣራ። እሷ ዞር አላለችም። ግን ቆመች፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ከእኔ አንድ ነገር እንደምትጠብቅ ሰው ቆመች።

«ልጄ!» አልኩት፣ ገበያው ሁሉ እስኪሰማ። ደግሜም ጠራሁት፤ ሁለተኛውን በሷ ፈንታ ነው።